ሰውዬው ድኗል፣ ምርመራው ግን አሁንም ፖዚቲቭ ይላል፦ ችግርና መፍትሄ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ከተገኘ ጀምሮ ናሙና ስወስድና ውጤት ሳነብ ቆይቻለሁ። ብዙ ዓይነት ችግር ገጥሞኛል። ደጋግሞ የሚመጣብኝ ግን አንድ ነው፦ ሰውዬው ደህና ነው፣ ወረቀቱ ግን አልዳነም ይላል። ዛሬም ስልክ ደውለው ይጠይቁኛል። ስለዚህ እሱን ዘርዘር፣ ሌላውን አጠር አድርጌ ልጻፍላችሁ። የማስክና የጓንቱን ነገር ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም።

ምልክት፦ ሰውዬው ከዳነ ሁለት ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ፒሲአሩ ግን ፖዚቲቭ ነው

ምክንያት፦ ፒሲአር፣ ማለትም ናሙናውን በማሽን የምናይበት የላብራቶሪ ምርመራ፣ ቫይረሱ በሕይወት ይኑር አይኑር አያውቅም። የሚፈልገው የቫይረሱን አርኤንኤ (የዘር መልእክቱን) ቁራጭ ነው። ካገኘ በየዙሩ እጥፍ እያደረገ ያባዛዋል። አንዲት ቁራጭ 40 ዙር ብትባዛ በስሌት ከአንድ ትሪሊዮን በላይ ትሆናለች። ቫይረሱ ከሞተ በኋላ ደግሞ ስብርባሪው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ድግሱ አልቆ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ቄጠማው ግን ወለሉ ላይ እንደሚቀረው ማለት ነው። ማሽኑ ቄጠማውን አይቶ «እንግዳ አለ» ይላል።

የማሽኑ ስክሪን ላይ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሕመሙ ሦስተኛ ቀን የመጣ ሰው መስመሩ 18ኛው ዙር ላይ ሽቅብ ይወጣል። የዳነው ሰው መስመር ተኝቶ ይቆይና 36ኛው ዙር ላይ ገና ቀና ይላል። የ18 ዙር ልዩነት ሲሰላ ከ260 ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ለሁለቱም የሚጻፈው «ፖዚቲቭ» ነው። ያን ሁሉ ሰው ያጉላላችው ይህች አንዲት ቃል ናት።

በሕይወት ያለ ቫይረስ መኖሩን ለማወቅ ናሙናውን ሴል ላይ አድርጎ ይራባ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ይህን ተራ ክሊኒክ አይሠራውም። ጀርመን፣ ሙኒክ ውስጥ በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ 9 ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ ነበር። ምልክት ከጀመረ ከ8ኛው ቀን በኋላ ከአንዳቸውም በሕይወት ያለ ቫይረስ ማራባት አልተቻለም። አርኤንኤው ግን ገና በብዛት ይገኝ ነበር። ደቡብ ኮሪያም ድነው ከወጡ በኋላ እንደገና ፖዚቲቭ የሆኑ 285 ሰዎችን ተከታተለች። ከእነሱ ጋር ንክኪ የነበራቸው 790 ሰዎች ተፈለጉ። ዳግም ፖዚቲቭ በሆኑበት ጊዜ ሌላ ሰው ለማስያዛቸው ምንም ማስረጃ አልተገኘም።

ታዲያ «37 ቀን ያስተላልፋል» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከዉሃን ነው። እዚያ በሕይወት ከተረፉት ታማሚዎች አርኤንኤ የተገኘበት አማካይ ጊዜ 20 ቀን፣ ረጅሙ 37 ቀን ነበር። ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን የተለካው በፒሲአር ነው። አርኤንኤ ተገኘ ማለትና ያስተላልፋል ማለት አንድ አይደለም።

ይህ ስህተት ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ከአንዲት እናት አይቻለሁ። በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 አልፏል። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ለቀቃቸው፣ የምግብ ጣዕም ተመለሰላቸው፣ ቃሪያ ያለው ሽሮ አምጡልኝ አሉ። ያኔ ከለይቶ ማከሚያ ለመውጣት ሁለት ተከታታይ ነጌቲቭ ያስፈልግ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በጃንዋሪ 2020 ያወጣው መመሪያ ይኸው ነበር፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ነጌቲቭ። እናቲቱ አንድ ቀን ነጌቲቭ፣ በማግስቱ ፖዚቲቭ፣ እንደገና ነጌቲቭ፣ እንደገና ፖዚቲቭ ይሆናሉ። ቅሪቱ ጥቂት ሲሆን እንዲህ ነው። ስዋቡ (ናሙና የምንወስድበት ጫፉ ጥጥ የሆነ ዘንግ) ቁራጩን ካገኘው ፖዚቲቭ፣ ከሳተው ነጌቲቭ። 34 ቀን ተቀመጡ። የባለቤታቸው 40 እዚያው ሆነው አለፈ። በነጩ ቱታ ውስጥ ሆኜ ስቀርባቸው «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» ብለውኛል። ውጤቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ያቺ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣችም።

ሌላዋ ከአሜሪካ ቤተሰብ ልትጠይቅ የመጣች እህት ናት። እዚህ ታመመች፣ ዳነች፣ የመመለሻዋ ቀን ደረሰ። አንድ ክሊኒክ አራት ጊዜ መረመራት፣ አራት ጊዜም አስከፈላት። ሁሌ «ነገ ደግሞ ነይ» ነው። ያኔ አሜሪካ የምትጠይቀው ነጌቲቭ ወረቀት ብቻ አልነበረም። ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ፖዚቲቭ የሆነበትን ውጤትና መዳኑን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ የያዘ ሰውም ይሳፈር ነበር። የሚያስፈልጋት ደብዳቤ ነበር፣ የሰጧት ስዋብ። ሕጉ በጁን 2022 ተነስቷል። ሳያነቡ ደጋግሞ የመመርመሩ ልማድ ግን አልተነሳም፣ ያናድደኛል።

መፍትሄ፦ ምርመራውን አቁሙና ቀን ቁጠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በግንቦት 2012 መመሪያውን ቀይሯል። ምልክት ከጀመረ 10 ቀን፣ በዚያ ላይ ቢያንስ 3 ቀን ያለ ምልክት፣ ከዚያ መውጣት። ነጌቲቭ ወረቀት የግድ መሆኑ ቀረ። በጃንዋሪ 2023 ደግሞ ምልክት ላለው 10 ቀን፣ ምንም ምልክት ለሌለው 5 ቀን አደረገው። በፈጣን ምርመራ (ያለ ማሽን፣ በደቂቃዎች መስመር በሚያሳየው ኪት) ነጌቲቭ የሆነ ሰው ከዚያም ቀደም ብሎ መውጣት ይችላል።

ቀን ስትቆጥሩ መነሻዋን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ሰው «ሐሙስ ነው የታመምኩት» ይላችኋል። ሐሙስ ትኩሳቱ የጣለው ቀን ነው። «ጉሮሮህን መከርከር የጀመረህስ?» በሉት። «እሱማ ማክሰኞ» ይላል። ቆጠራው ከማክሰኞ ይጀምራል። ምልክት ከሌለው ደግሞ ፖዚቲቭ ከሆነበት ምርመራ ቀን ቁጠሩ። ቀኑን ካርዱ ላይ ጻፉት፣ በቃል አትተዉት።

የዳነና ምልክት የሌለው ሰው በ90 ቀን ውስጥ ፒሲአር አይደገምለት። አከራይ ወይም አሠሪ ነጌቲቭ ወረቀት አምጣ ካለ ቀኑን የጨረሰበትን የሐኪም ማስረጃ ስጡት። አንድ ወጣት ሁለት ሳምንት ሙሉ የገዛ ክፍሉ እንዳይገባ ተከልክሎ ዘመድ ቤት ወለል ላይ ሲያድር አይቻለሁ። ያኔ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ይልቅ የማያስተላልፈው እሱ ነበር።

ምልክት፦ «ነጌቲቭ ነህ» ተብሎ ሄደ፣ በሦስተኛው ቀን ቤቱ በሙሉ ታመመ

ምክንያት፦ ቀድሞ ተመረመረ። እንግሊዝ ውስጥ ፈቃደኛ ወጣቶችን ሆን ብለው ለቫይረሱ አጋልጠው ነበር፣ ከ34ቱ 18ቱ ተያዙ። ቫይረሱ ጉሮሮ ላይ መታየት የጀመረው በአማካይ ከ40 ሰዓት፣ አፍንጫ ላይ ከ58 ሰዓት በኋላ ነው። ከፍተኛው መጠን በ5ኛው ቀን አካባቢ ነበር። በሕይወት ያለ ቫይረስ በአማካይ 6 ቀን ተኩል ተገኝቶባቸዋል፣ ረጅሙ 12 ቀን።

እንግዲህ ሰው የሚያስተላልፍበትን ጊዜ እዩት። ምልክት ከመታየቱ ሁለት ቀን አካባቢ ቀደም ብሎ ይጀምራል፣ በመጀመሪያዎቹ የሕመም ቀናት ይበረታል። እኛ ግን 25ኛው ቀን ላይ ያለውን እናሳድዳለን፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ያለው «ጉንፋን ነው፣ ዝንጅብል ጠጥቻለሁ» ብሎ ድንኳን ውስጥ አዛውንት እያቀፈ ያለቅሳል። እባካችሁ፣ ጉሮሮ የከረከረው ሰው ለቅሶ ቤት አይሂድ። በስልክ ያጽናና። ስኳር ያለባቸውና በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሚቀመጡት እዚያ ድንኳን ውስጥ ነው።

መፍትሄ፦ ምልክት ካለ በአንድ ነጌቲቭ አትመኑ። በፈጣን ምርመራ ከ48 ሰዓት በኋላ ድገሙት፣ እስከዚያ ለብቻ ይቀመጥ። ስዋቡን የአፍንጫ በር ላይ ነካ አድርጎ ማውጣት ናሙና መውሰድ አይደለም። ኪቱን ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ላይ አታስቀምጡ። ጊዜው ያለፈበትን አትጠቀሙ፣ ርካሽ ነው ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠውን ማኅተሙ የተነካ ኪትም አትግዙ። ውጤቱን መመሪያው በሚለው ደቂቃ አንብቡ። ጠረጴዛ ላይ ረስተውት ሲመለሱ «መስመር ወጣ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ያ መስመር አይቆጠርም።

ምልክት፦ 8ኛ ወይም 9ኛ ቀኑ ነው፣ ፈጣኑ ምርመራ ግን ደማቅ መስመር ያሳያል

ይህን እመኑት። ፈጣን ምርመራ እንደ ፒሲአር አያባዛም፣ ፖዚቲቭ ለማለት ብዙ ቫይረስ ይፈልጋል። ሰውዬው ቢሻለውም ቀኑን ይጨርስ። ማስኩን አያውልቅ።

ምልክት፦ ወራት አለፉ፣ አሁንም ፖዚቲቭ ነው፣ የፒሲአሩ መስመርም በጥቂት ዙር ቀድሞ ይወጣል

እዚህ ላይ ከላይ ያልኩት የቀን ቆጠራ አይሠራም። የሰውነት መከላከያው የተዳከመ ሰው በእርግጥ ረጅም ጊዜ ሊያስተላልፍ ይችላል። የደም ካንሰር ያለበት፣ ኩላሊት ተተክሎለት መድኃኒት የሚወስድ፣ ኤችአይቪ ኖሮበት ሕክምና ያልጀመረ ማለት ነው። አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ የደም ካንሰር ያለባት አንዲት ሴት ላይ በሕይወት ያለ ቫይረስ እስከ 70 ቀን፣ አርኤንኤ እስከ 105 ቀን ተገኝቷል። ሴትዮዋ ሳል እንኳ አልነበራትም። ሆስፒታል ተኝተው በጽኑ የታመሙም ከሌላው ይረዝማሉ። ሆላንድ፣ ሮተርዳም ላይ እስከ 20 ቀን በሕይወት ያለ ቫይረስ የተገኘባቸው ነበሩ። ስለዚህ ከመሸኘታችሁ በፊት «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለው ሰው ካጋጠማችሁ በተደጋጋሚ ምርመራ ይወሰን፣ ውሳኔውም የሐኪሙ ይሁን። መስመሩ የወጣበትን ዙር ቁጥር ለሐኪሙ ጻፉለት፣ «ፖዚቲቭ» ብቻ ብላችሁ አትላኩ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ

ሰገራ ላይ ፖዚቲቭ፦ አርኤንኤ ለሳምንታት ሊገኝ ይችላል፣ ሙኒክ ላይ ግን ከሰገራ ቫይረስ ማራባት አልተቻለም። እጅ ይታጠቡ።

ፓክስሎቪድ (የኮሮና መድኃኒት) ጨርሶ ተሽሎት ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና የታመመ፦ ቫይረሱ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፣ እንደገና ለብቻው ይቀመጥ።

በአንድ ጊዜ አብራችሁ የሠራችሁት ናሙና በሙሉ 37ኛው ዙር አካባቢ ፖዚቲቭ፦ ብክለት ነው። ባዶ መቆጣጠሪያውን (የሰው ናሙና የሌለበትን ቱቦ) እዩ፣ ሪኤጀንቱን (የምርመራውን ኬሚካል) ጣሉ፣ ጠረጴዛውን በበረኪና ጠርጋችሁ ከናሙናው ጀምራችሁ ድገሙ። አንድም ውጤት እንዳትልኩ።

ፍጹም ያልታመመ ሰው ፖዚቲቭ፣ ከጎኑ የነበረው ትኩሳታም ነጌቲቭ፦ ስም ተቀያይሯል። ሁለቱንም ጥሩና በፊታቸው ስም እየጻፋችሁ አዲስ ናሙና ውሰዱ።