ማዕበል የተወውን አሸዋ ከረግረግ ውስጥ አውጥቶ ማንበብ

ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ባሕሩን ወደ ዳር ሲገፋው ውሃው ከወትሮው ሙላት በላይ ይነሳል። በባሕሩና ከኋላው ባለው ረግረግ መካከል የቆመውን የአሸዋ ጉብታ ማዕበሉ አልፎት ሲፈስ ከጉብታው አሸዋ ጠርጎ ይሻገራል። ረግረጉ ላይ ሲደርስ ውሃው ተስፋፍቶ ጉልበቱ ይደክማል፤ የተሸከመውንም እዚያው ይጥላል። ስለዚህ አሸዋው ከጉብታው አጠገብ ወፍራምና ሻካራ፣ ወደ የብስ በራቀ ቁጥር ስስና ደቃቅ ነው። ሣር በላዩ በቅሎ ሲሸፍነው በጥቁሩ አፈር መካከል ነጣ ያለ መስመር ሆኖ ይቀመጣል።

ይህን መስመር አንብቦ የድሮ ማዕበሎችን መለየት ለመማር በአሜሪካ ሮድ አይላንድ፣ ከኢስት ማቱነክ የባሕር ዳርቻ ጀርባ ያለው ሰከታሽ ረግረግ ጥሩ አብነት ነው። የ1938 እና የ1954 እ.ኤ.አ. አውሎ ነፋሶች (ሁለተኛው ካሮል የተባለው) አሸዋቸውን ትተውበታል፤ የ1815 ማዕበልም እንዲሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ቦታ ስትመርጡ ከወንዝ አፍና ከባሕር መግቢያ ቦይ ራቁ፤ እነዚህ ያለ ማዕበልም አሸዋ ያመጣሉ። ረግረጎች በብዙ አገር በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ ፈቃድ ሳትይዙ አትቆፍሩ። አንድ ጉድጓድ ምንም አያረጋግጥም። ከጉብታው ጀምሮ ወደ የብስ የሚሄዱ ቢያንስ 3 መስመሮች አስምሩ፤ በየመስመሩም ከ20 እስከ 50 ሜትር እየተራራቃችሁ ናሙና አውጡ።

ለማውጫ 7.5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ስስ የአሉሚኒየም ቱቦ ይበቃል። የታችኛውን ጠርዝ በሞረድ ሳሉት፣ ኮንክሪት የሚያጠቀጥቀውን ቫይብሬተር ከቱቦው ጋር እሰሩና ቀጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ለኩ፦ ቱቦው መሬት ውስጥ የገባበትን ርዝመትና በቱቦው ውስጥ አፈሩ የሰመጠበትን ልክ። ቱቦው 200 ሳንቲሜትር ገብቶ ውስጡ ያለው አፈር ከውጭው መሬት 30 ሳንቲሜትር ዝቅ ካለ 15 በመቶ ተጨምቋል ማለት ነው። ይህን ጉድለት ለሁሉም ንብብር እኩል አታካፍሉ፤ የሚጨመቀው በሥር የተሞላው አፈር እንጂ አሸዋው አይደለም ለማለት ይቻላል። ከዚያ የቱቦውን ባዶ ክፍል ውሃ ሙሉና አፉን አጥብቃችሁ ድፈኑ። ያለዚያ ስትጎትቱ የታችኛው አሸዋ ሾልኮ ይቀራል።

ቱቦውን በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቃችሁ ገጽታውን ወዲያው ፎቶ አንሱ፤ አየር ሲያገኘው ቀለሙ ይለወጣል። ግማሹን ሳትነኩ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አስቀምጡ። በሌላው ግማሽ ከሁሉ አስቀድማችሁ የአሸዋውን የታች ወሰን እዩ። ማዕበል የጣለው ከሆነ ወሰኑ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ቀስ በቀስ ወደ አሸዋነት የሚሄድ ከሆነ ሌላ ምክንያት ፈልጉለት። ሸርጣንና ትል የቆፈሩት ረግረግም ወሰኑን ያደበዝዘዋል።

ቀጥሎ በየ1 ሳንቲሜትሩ ናሙና ውሰዱ። በየ5 ሳንቲሜትሩ መውሰድ ድካም ያቀልላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ረግረጉ በዓመት 2.5 ሚሊሜትር ቢያድግ በ1938 እና በ1954 መካከል ያሉት 16 ዓመታት የሚተዉት 4 ሳንቲሜትር አፈር ብቻ ነው፤ ሁለቱ ማዕበሎች እንደ አንድ ይቆጠሩባችኋል። ናሙናውን በ105 ዲግሪ አንድ ሌሊት አድርቃችሁ መዝኑ፣ በ550 ዲግሪ ለ4 ሰዓት አቃጥላችሁ እንደገና መዝኑ። 5.00 ግራም የነበረው 3.50 ከሆነ 30 በመቶው የእፅዋት ቅሪት ነበር። ንጹሕ የማዕበል አሸዋ ላይ ይህ ቁጥር በድንገት ወደ ጥቂት በመቶ ይወርዳል። በ63 ማይክሮን (0.063 ሚሊሜትር) ወንፊት አጥባችሁ ከላይ የቀረውን አሸዋ ከዛሬው ጉብታ አሸዋ ጋር አስተያዩ።

የአሸዋውን ዕድሜ በመወሰን ላይ ብዙ ሥራ ይበላሻል። ከኒውክሌር ሙከራ የመጣው ሲዚየም-137 የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በአፈር ውስጥ መታየት የሚጀምረው በ1954 ግድም ነው፤ መጠኑ ጫፍ የሚደርሰው በ1963። ከዚያ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚገኘው አሸዋ የካሮል ሊሆን ይችላል። ሲዚየም በሥር በተሞላ አፈር ውስጥ ወደ ታች ስለሚሰርግ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ጫፉን እመኑ። እርሳስ-210 የተባለው ጨረር አመንጪ የእርሳስ ብረት ዓይነት፣ ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ የሚጠፋበት ጊዜ) 22.3 ዓመት ስለሆነ፣ ከ100 እስከ 150 ዓመት ወደኋላ ይወስዳል። ከዚያ በታች ላለው የሚያገለግለው ካርቦን-14 ነው። ለምርመራ ዛጎል አትላኩ፤ የባሕር ካርቦን በመቶዎች በሚቆጠር ዓመት ያስረጀዋል። ከአሸዋው በታችና በላይ ያለውን የሣር አገዳ ለይታችሁ ሁለቱንም አስመርምሩ። ማዕበሉ ሲመጣ ከታች ያለውን አፈር ልጦ ሊሆን ስለሚችል የታችኛው ቀን ከእውነተኛው ሊቀድም ይችላል። ካለፉት 300 ዓመታት ለሆነ ናሙና ካርቦን-14 ብዙ ቀኖችን አንድ ላይ ስለሚሰጥ የ1815ን ዓይነት ንብብር በእሱ ብቻ አትወስኑ። ደን ሲመነጠር የሚበዙ አረሞች የአበባ ብናኝ በየትኛው ንብብር እንደሚበዛ ማየትንም ጨምሩበት።

ሱናሚም አሸዋ ያሻግራል። የማዕበል አሸዋ በየሞገዱ የተደረደሩ ብዙ ስስ መስመሮች ይታዩበታል። የሱናሚ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ወፍራም መደቦች ሲኖሩት፣ ከመሬት የተገነጠለ ጭቃ ተቀላቅሎበት ወደ የብስ ርቆ ይገኛል።

አሸዋ የሌለበት ዘመን ማዕበል አልነበረበትም ብላችሁ አትጻፉ። ጉብታው ያኔ ከፍ ያለ ወይም ወደ ባሕሩ የራቀ ከነበረ ያንኑ የሚያህል ማዕበል ሳይሻገረው ሊቀር ይችላል። የድሮ የባሕር ካርታዎችን አግኝታችሁ ጉብታውና መግቢያ ቦዩ በየዘመኑ የት እንደነበሩ በናሙና ካርታችሁ ላይ አስፍሩ።