የአሮጌ ፈጣን ሞተር ካምና ቫልቭ ቶሎ ሲበላ፦ ችግርና መፍትሄ

አዲስ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን አይጣሉት። የት ጋ እንደተበላና እንዴት እንደተበላ ካዩ ምን መግዛት እንዳለብዎ ያውቃሉ። ብዙ ሰው "ጠንካራ" የተባለውን ሁሉ ሰብስቦ ይገጥምና ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይፈታል። ካምሻፍት (ካም፤ በጉብታዎቹ ቫልቮቹን የሚያስከፍት ዘንግ)፣ ታፔት (በካሙ ጉብታ ላይ ተቀምጦ የሚነሳው)፣ ሞላ (ቫልቩን መልሶ የሚዘጋው ስፕሪንግ)፣ ፑሽሮድ (ከታፔቱ ወደ ላይ የሚገፋ ዘንግ) እና ሮከር (ቫልቩን ወደ ታች የሚጫነው) ካልተመጣጠኑ የአንዱ ጥንካሬ ሌላውን ይጨርሳል።

ችግር፦ ከቫልቭ ክዳኑ ሥር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ፤ በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል ያለው ክፍተት ቢስተካከልም ተመልሶ ይሰፋል

ታፔቱ ሮለር የሌለው ጠፍጣፋ ከሆነ መጀመሪያ የካሙን ጉብታ ይጠርጥሩ። ክዳኑን ከፍተው ሞተሩን በእጅ እያዞሩ ፑሽሮዱ ምን ያህል እንደሚነሳ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ በሚለካ ባለ መርፌ መለኪያ) ይለኩ። ከጓደኞቹ ያነሰ የሚነሳ ካለ ጉብታው ተበልቷል። ከዚያ ታፔቱን አውጥተው የታች ፊቱን በብርሃን ይመልከቱ። ጠፍጣፋ ይባል እንጂ መሃሉ በዓይን የማይለይ እብጠት አለው፤ ጉብታውም በጥቂቱ ዘንበል ተደርጎ የተሠራ ነው። ታፔቱን እያዞሩ የሚያሠሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ፊቱ ላይ ክብ ምልክት ካለ ሲዞር ነበር። ቀጥ ያለ ጭረት ወይም ጎድጎድ ያለ ቦታ ካዩ ግን መዞሩን አቁሟል።

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛው ዘይት ነው፦ ካታሊቲክ ኮንቨርተርን (ጭስ ማጣሪያውን) ላለመጉዳት ሲባል በኤፒአይ የዘይት ደረጃ ኤስኤንና ኤስፒ የሆኑ እንደ 5ደብልዩ-30 ያሉ ቀጫጭን ዘይቶች፣ ብረትን ከመበላት የሚጠብቀው ፎስፈረሳቸው ከ800 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 800 እጅ) እንዳይበልጥ ተገድቧል። ጠፍጣፋ ታፔት ግን ከ1000 በላይ ሲያገኝ ይሻለዋል። ሁለተኛው ከካሙ ልክ በላይ የጠነከረ ሞላ ነው። ሦስተኛው አዲስ ካም ላይ አሮጌ ታፔት መግጠም ነው፤ ይህን በፍጹም አያድርጉ።

መፍትሄ፦ ካሙንና ታፔቶቹን በሙሉ አንድ ላይ ይቀይሩ። እያንዳንዱ ታፔት በቤቱ ውስጥ በጣት በነፃነት መዞሩን ያረጋግጡ፣ ጉብታዎቹን በመግጠሚያ ቅባት ይለውሱ። ሞላው ድርብ ከሆነ አዲሱ ካምና ታፔት እስኪለማመዱ ድረስ የውስጠኛውን ያውጡት። ሞተሩ እንደተነሳ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) አያቆዩት፤ ጉብታዎቹ ዘይት የሚያገኙት በአብዛኛው ከክራንክሻፍቱ ከሚረጨው ነውና ከ2000 እስከ 2500 ዙር በደቂቃ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ለ20 ደቂቃ ያህል ያሠሩት። ከዚያ ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይሩ።

ወደ ሮለር ታፔት መቀየር ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያወጣል፣ አቅሙ ላለው እኔም የምመክረው እሱን ነው። ግን ካሙም ፑሽሮዱም ሞላውም አብረው ይቀየራሉ። የዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ጥርስ ከካሙ ብረት ጋር የሚስማማ መሆኑንም ይጠይቁ፤ የስቲል ካም ላይ ተራ የካስት አይረን ጥርስ ከገባ ጥርሱ ይበላል።

ችግር፦ ከፍተኛ ዙር ላይ ጉልበቱ ድንገት ይጠፋል፣ ይንተፋተፋል

ማቀጣጠያውና ነዳጁ ደህና ከሆኑ ሞላው ደክሟል ማለት ነው፤ ቫልቩ ካሙን ተከትሎ መዝጋት አቅቶታል። ሞላውን በተገጠመበት ቁመት ያስለኩ። ሲተኩ በጣም ጠንካራውን ሳይሆን የካሙ አምራች የጻፈውን ልክ ይግዙ። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በሞላው ጥቅልሎች መካከል በድምሩ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይትረፍ። ከላይ የሚጠበብ ሞላና ቀላል የሞላ ቆብ ክብደት ስለሚቀንሱ፣ ግፊት ሳይጨመር ዙሩን ከፍ ያደርጋሉ።

ችግር፦ የቫልቩ ጫፍ በአንድ ጎን ተበልቷል፣ ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል

የፑሽሮዱ ርዝመት ልክ አይደለም። ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይ ክፍል) ከተላገ ወይም ካሙ ከተቀየረ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሮከሩ ቫልቩን ወደ ጎን ሲገፋው ጋይዱ (የቫልቩ ዘንግ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ይሰፋል፣ ዘይትም ያሳልፋል። ጫፉን በማርከር ቀብተው ሞተሩን ጥቂት ዙር በእጅ ያዙሩ፤ የሚቀረው ምልክት ጠባብና ወደ መሃል የቀረበ መሆን አለበት። በሚስተካከል መለኪያ ፑሽሮድ ትክክለኛውን ርዝመት ያግኙና በዚያ ይዘዙ። ጋይዱን ከዘይት መከልከያ ጎሚኒው ጋር አሁኑኑ ይቀይሩ።

ችግር፦ የጭስ ቫልቩ ክፍተት እየጠበበ ይሄዳል

ይህ ከመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። ሊድ (እርሳስ) ላለው ቤንዚን የተሠራ ቴስታታ በሊድ አልባ ቤንዚን ብዙ ሲነዳ ቫልቩ ሲዘጋ የሚያርፍበት መቀመጫ ይበላል፣ ቫልቩም ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ክፍተቱን ደጋግሞ ማላላት ጊዜ ከመግዛት አያልፍም። ቴስታታው ወርዶ የጠነከረ መቀመጫ ይግባበት፣ ከእሱ ጋር የሚስማማ የጭስ ቫልቭም ይገጠም።