የመኸር ክሮከስ ዘሩ አልበቅል ሲል

ክሮከስ ትንሽ የአበባ ተክል ነው፤ በረንዳዬ ላይ ያለው፣ መኸር ላይ የሚያብበው ዝርያ ክሮከስ ስፔሲዮሰስ ይባላል። አገሩ ከቱርክ እስከ ካውካሰስና ኢራን ነው። አውሮፓ ውስጥ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን ሲያራግፍ እሱ ያለ ቅጠል ሐምራዊ አበባ ይከፍታል። ስለምወደው ከዘር ማብቀል የሚፈልግ ሰው ተስፋ እንዲቆርጥ አልፈልግም።

ዘር የለውም? አበባው እንደረገፈ አትፈልጉ። የዘሩ ከረጢት ብርዱን ወራት አፈር ውስጥ ከርሞ፣ ቅጠሉ መድረቅ ሲጀምር ነው ብቅ የሚለው። ቡናማ ሆኖ ሊሰነጠቅ ሲል ልቀሙት፤ ካረፈዳችሁ ጉንዳን ይወስደዋል። ሳፍሮን የሚባለው ቅመም የሚገኝበት ክሮከስ ከሆነ ግን አትልፉ። እሱ መካን ነው፤ የሚራባው በኮረቱ፣ ማለትም አፈር ውስጥ ባለው ሽንኩርት መሰል ግንዱ ብቻ ነው።

ዘራሁት፣ አልበቀለም? ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የቆየ ደረቅ ዘር ወይም የቤት ውስጥ ሙቀት ነው። ይህ ዘር የሚነቃው ቅዝቃዜና እርጥበት አብረው ሲመጡ ነው። በለቀማችሁበት ዓመት፣ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ዝሩት። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር አልብሱት፣ ከላይ ደቃቅ ጠጠር በትኑበት፣ ውጭ ተዉት። እኔ በፖስታ ውስጥ የከረመ ዘር ዘርቼ አንድ ዓመት ሙሉ ባዶ አፈር ሳይ ቆየሁ። ልደፋው ስል ተውኩት። በሁለተኛው ዓመት ብርድ ሲገባ እንደ ክር የቀጠኑ አረንጓዴ ጫፎች ጠጠሩን ገፍተው ወጡ። እባካችሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አትድፉት።

ሣር በቀለበት? አትንቀሉት! በመጀመሪያው ዓመት የሚያወጣው አንዲት ቀጭን ቅጠል ብቻ ነው። ጸደይ ላይ አፈሩን በጣታችሁ ገለጥ ብታደርጉ የሩዝ ፍሬ የምታክል ኮረት ታገኛላችሁ።

ቅጠሉ የአውሮፓ የሙቀት ወራት ሲገባ ቢደርቅ እንቅልፍ ነው፤ ውሃ ቀንሱ። ኮረቱ ከላላና ከጠቆረ ግን በስብሷል። የቀሩትን ግማሹ ጠጠርና አሸዋ ወደሆነ አፈር አዛውሩ።

አላበበም? ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ከዚያ ካለፈ ጥላ በዝቶበት ወይም ቅጠሉ ሳይደርቅ ተቆርጦበት ይሆናል። ኮረቱ ከነጭራሹ ከጠፋ አይጥ በልታዋለች፤ ወንፊት ሽቦ አልብሱት።

አብቦ ሌላ ነገር መሰለ? ቢጫ ዱቄት የያዙትን ዘንጎች ቁጠሩ። ክሮከስ ሦስት አለው። ስድስት ከሆኑ ኮልቺከም የሚባል ክሮከስ የሚመስል ሌላ ተክል ነው፤ ክፉ መርዝ ስላለው ልጅ ከማይደርስበት አኑሩት፣ ወደ ማድቤትም አታስጠጉት።