ማሳ ላይ የተተከለ ሲም800ኤል ዝም ሲል፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የሮቶ ውሃ መጠን፣ የአፈር እርጥበት ወይም የፓምፕ ሁኔታ በሲም ካርድ የሚልኩ መሣሪያዎች ሆዳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ኢኤስፒ32 (ኮዱ የሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ)፣ ሲም800ኤል (በሲም ካርድ መልእክት የሚልክ ሞጁል)፣ አንድ ሴንሰርና በሶላር የሚሞላ ባትሪ። ሲሙ ሒሳብ እንዳለው፣ ፒን ኮዱ እንደተነሳ፣ አንቴናው እንደተገጠመ አይታችኋል ብለን እንጀምር።

ምልክት፦ መብራቱ ጥቂት ጊዜ ብልጭ ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይጀምራል

መጀመሪያ ሲም800ኤል ላይ ያለችውን መብራት ማንበብ ነው። በየሰከንዱ ገደማ ብልጭ ካለ ኔትወርክ እየፈለገ ነው። በየ3 ሰከንዱ ከሆነ ተመዝግቧል። በጣም ከፈጠነ ዳታ ተከፍቷል። እየፈለገ ሳለ በመሃል ጠፍቶ ከመጀመሪያው የሚጀምር ከሆነ ግን ኮዱን አትንኩት፣ ሲሙንም አትቀይሩ። ችግሩ ፓወር ነው። በተደጋጋሚ የሚመጣው ብልሽት ይኸው ነው።

ሲም800ኤል የሚሠራው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ባለው ውስጥ ነው። ሲያስተላልፍ ኃይል የሚስበው በተከታታይ ሳይሆን በምት ነው፤ በየ4.6 ሚሊሰከንዱ፣ ለ577 ማይክሮሰከንድ ብቻ፣ እስከ 2 አምፔር ይጎትታል። በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ከ3.4 በታች ከወረደ ራሱን ያጠፋል። መልቲሜትር አማካዩን ስለሚያሳይ ይህን መውረድ አያየውም። ስክሪኑ ላይ 4.0 ያያችሁት ቁጥር ስህተት አይደለም፤ ግን ምቱን አይነግራችሁም። ብዙ ሰው በዚህ ተታሎ ሌሊቱን ሙሉ ኮድ ሲፈትሽ ያድራል።

«ቤት ውስጥ ሳምንት ሙሉ ሠርቶ ማሳ ላይ በሁለተኛው ቀን ሞተ» የሚባለውም ከዚሁ ይመጣል። ማማው ቅርብ ሲሆን ኔትወርኩ ሞጁሉን «ቀስ ብለህ አስተላልፍ» ይለዋል፣ አምፔሩም ይቀንሳል። ገጠር፣ ማማው ሲርቅ፣ በሙሉ ኃይሉ ይጮሃል፤ 2 አምፔሩ ያን ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ መሥራቱ ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ከመትከላችሁ በፊት ሲግናል በሚደክምበት ቦታ፣ ለምሳሌ ምድር ቤት ውስጥ፣ ሞክሩት።

መንስኤዎቹን በቅደም ተከተል ፈትሹ።

ሽቦው። ከኪቱ ጋር የሚመጣው ቀጭን ጃምፐር ሽቦ ለሲግናል እንጂ ለፓወር አልተሠራም። የሽቦውና የብሬድቦርዱ (ያለ ሶልደር ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) መገናኛዎች ሬዚስታንስ ደርሶ መልስ 0.3 ኦም ቢሆን፣ 2 አምፔር ሲያልፍ 0.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 4.0 ብላችሁ የላካችሁት 3.4 ሆኖ ደረሰ ማለት ነው። 0.75 ካሬ ሚሊሜትር የመብራት ሽቦ፣ ከ10 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ርዝመት፣ ሶልደር ተደርጎ ይግባ። ብሬድቦርድ ላይ የተሰካ ሲም800ኤል ማሳ ላይ መትከል ለገበሬው የተሰበረ መሣሪያ ማስረከብ ነው።

ምንጩ። ከኢኤስፒ32 ቦርድ 3.3 ቮልት ፒን አታገናኙ፤ ከዝቅተኛው በታች ነው፣ የቦርዱ ሬጉሌተርም (ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ክፍል) አይችለውም። 5 ቮልት በቀጥታ አትስጡ፤ ከከፍተኛው በላይ ነው። ኤልኤም2596 ሬጉሌተር ከተጠቀማችሁ መግቢያው ቢያንስ 7 ቮልት ይሁን፤ በ5 ቮልት ቻርጀር 4 ቮልት ሊያወጣ ቢሞክር ምቱ ሲመጣ ይወድቃል። ሞጁሉን ከማገናኘታችሁ በፊት ኤልኤም2596 ላይ ያለችውን የማስተካከያ ብሎን አዙራችሁ መውጫውን 4.1 ቮልት ላይ አቁሙ። ከሱቅ ሲመጣ የት ላይ እንደተተወ አይታወቅም፤ 12 ቮልት መግቢያ ይዞ ሳይስተካከል ከተገናኘ ሞጁሉን በአንድ ጊዜ ያቃጥለዋል። ካስተካከላችሁ በኋላ ብሎኗ ላይ ጥፍር ቀለም ጠብ አድርጉ፣ በመኪና ንዝረት እንዳትዞር።

ባትሪው። 18650 ሊቲየም ባትሪ ከ4.2 ጀምሮ ስለሚወርድ ለዚህ ሞጁል በቀጥታ ይስማማል። ግን ላዩ ላይ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት ተጽፎ ካያችሁ አትግዙ። በዚህ መጠን ያለ እውነተኛ ባትሪ ከ3500 ብዙም አያልፍም፣ ክብደቱም 45 ግራም ገደማ ነው። በእጅ ሲያዝ የሚቀልል ባትሪ ምቱ ሲመጣ ይንበረከካል። ይህን መለያ መለጠፍ ገዢን ማታለል ነው፣ ጉዳቱም የሚደርሰው ማሳ ላይ ነው።

ካፓሲተሩ (ኃይል ለቅጽበት አከማችቶ የሚሰጥ)። ከ1000 እስከ 2200 ማይክሮፋራድ፣ ዝቅተኛ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ያለው፣ 10 ቮልት፣ ከሞጁሉ ፒኖች ጋር ተጣብቆ፤ ጎኑ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ። ግን ተአምር አትጠብቁበት። 1000 ማይክሮፋራድ ብቻውን ምቱን ቢሸከም ቮልቴጁ 1.15 ቮልት ይወርዳል። ካፓሲተር ምንጩን ያግዛል እንጂ አይተካም፤ ደካማ ባትሪ ላይ ካፓሲተር እየደረደሩ መፍትሄ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ግራውንዱም (የኔጌቲቩ መስመር) ከባትሪው በቀጥታ ወደ ሞጁሉ ይሂድ፣ በኢኤስፒ32 ቦርድ በኩል አይለፍ።

ለማረጋገጥ፦ በሴሪያል መስመር ለሞጁሉ «ኤቲ+አይፒአር=9600» (AT+IPR=9600) የሚል ትእዛዝ ልካችሁ የመስመሩን ፍጥነት አስሩት፤ ያኔ ሞጁሉ የቮልቴጅ ማነስ ማስጠንቀቂያውን ያሳያችኋል። ከዚያ ሁለት ደቂቃ የድምፅ ጥሪ አድርጉ። «ኤቲ+ሲቢሲ» (AT+CBC) ቮልቴጁን በሚሊቮልት ይነግራችኋል፣ የምቱን ዝቅታ ግን አያሳይም። ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን ፈጣን ለውጥ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ካገኛችሁ ዝቅተኛው ነጥብ ከ3.6 እንዳይወርድ አድርጉ።

ምልክት፦ ኢኤስፒ32 በራሱ ይነሳል፣ ሴሪያል ላይ «ብራውንአውት» (የቮልቴጅ ማነስ) ይጻፋል

ያው በሽታ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀጭን መስመር አትመግቡ፤ ከባትሪው መስመሮቻቸውን ለዩ።

ምልክት፦ መብራቱ በየ3 ሰከንዱ ነው፣ መልእክት ግን አይሄድም

የሲግናሉን ጥንካሬ በሚያሳየው «ኤቲ+ሲኤስኪው» (AT+CSQ) ላይ ከ10 በታች ወይም 99 ከመጣ አንቴናው ነው። በብረት ሳጥን ውስጥ የታሰረ ጥቅልል አንቴና አይጠቅምም፤ የውጪ አንቴና ይግባ። ሲግናሉ ደህና ከሆነና የምትልኩት በዳታ ከሆነ ኤፒኤኑን (ኮዱ ላይ የሚጻፈውን የኔትወርኩን የዳታ መግቢያ ስም) እዩ።

ምልክት፦ የውሃው ልኬት ይዘላል

በሮቶ ክዳን ሥር የተሰቀለው ኤችሲ-ኤስአር04 (በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካ ሴንሰር) ጤዛ ሲይዘው ያብዳል። ውሃ የማያስገባውን ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ተጠቀሙ፤ እሱም ከ25 ሳንቲ ሜትር ቅርብ ያለውን አያይምና ከከፍተኛው የውሃ መስመር ከፍ ብሎ ይሰቀል። የአፈር ሴንሰር ከሆነ የሰሌዳውን የተቆረጠ ጠርዝ ቫርኒሽ ቀቡት፣ ውሃ በዚያ ይገባል። ዋይፋይ ሲበራ ንባቡ ዜሮ ከሆነ ሴንሰሩን ከ32 እስከ 39 ካሉት ፒኖች ወደ አንዱ አዙሩት፤ ሌሎቹን የአናሎግ ፒኖች ዋይፋዩ ይቀማቸዋል።

ሳጥን ውስጥ ጉንዳን ሰፍሮ ያሳጠረውም አለ፤ የገመድ ቀዳዳውን በሲሊኮን ዝጉ።

አንድ ነገር ኮዱ ላይ ጨምሩ፦ እያንዳንዱ መልእክት የባትሪውን ቮልቴጅ ይዞ ይሂድ፣ በቀን አንዴም «አለሁ» ይበል። ያለዚህ ፓምፕ የሚከታተል መሣሪያ ዝም ሲል ፓምፑ ቆመ ወይስ መሣሪያው ሞተ የሚለውን ለማወቅ ሰው መንገድ መሄድ አለበት። የመጨረሻዎቹ መልእክቶች 3.9፣ 3.7፣ 3.5 እያሉ ከመጡ ከቤት ሳትወጡ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ ታውቃላችሁ፦ የተሞላ ባትሪና ለሶላሩ መስታወት መጥረጊያ ጨርቅ።