ወረርሽኝ ሲመጣ ቅሬው ማንንም እንዳይረሳ

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ፣ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ነበር። ድንኳን ጥሎ አብሮ የሚያለቅስ ሕዝብ ሐዘኑን በየቤቱ ይዞ ቀረ። እንዲህ ያለ ጊዜ ተመልሶ ቢመጣ ወሎ ላይ ቅሬ የሚባል፣ እንደ ዕድር በሐዘን ጊዜ የሚደርስ የመረዳጃ ማኅበር አለን፤ ከእሱ ጀምሩ።

መጀመሪያ የቅሬውን መዝገብ አውጡና የሌለው ማን እንደሆነ ተጠያየቁ። ወርሃዊ መዋጮ ያቃታት የቤት ሠራተኛ፣ ከገጠር መጥቶ ኮምቦልቻ የቀን ሥራ የሚሠራ ልጅ፣ በሙያው የሚናቅ የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ፦ እነዚህ ሰው ሲሞትባቸው ማን ይደርስላቸዋል? መዋጮውን ማሩላቸው። ደንቡ አይፈቅድም የሚል ካለ ደንቡ ይሻሻል! ለእርዳታ ብቻም አትጥሯቸው፤ ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ፣ የጎደላቸውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ከዚያ ሼሁን፣ ቄሱንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አንድ ላይ አገናኙ። «ለቅሶ ቤት አትሂዱ» የሚለው ነገር ከጤና ባለሙያ ብቻ ሲመጣ ሰው ይከፋዋል፤ ሦስቱም በአንድ ቃል ሲናገሩት ግን ይሰማል።

ለቅሶውን በተራ አድርጉት። ሁለት ሁለት ሰው ደጅ ላይ፣ ማስክ አድርጎ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቆ። ምግቡ በር ላይ ይቀመጥ። ዋናው ግን ከሦስተኛው ቀን በኋላ ያለው ነው፤ ጠያቂ የሚጠፋው ያኔ ነውና ለየሐዘንተኛው የሚደውል ሰው መድቡ። እንቅልፍና ምግብ እንቢ ብሎት ሳምንታት ካለፉ፣ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ።