የሰፈር አውቶቡስ እንዳይቀር ከከተማው በጀት እንዴት ይጠየቃል

«መስመሩ አያዋጣም» የተባለ እንደሆነ ሰው ወዲያው ወረቀት ይዞ ፊርማ ማሰባሰብ ይጀምራል። ፊርማው ጥሩ ነው። ግን እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በጀት ክፍል ነው የሠራሁት። ሰፈሩ በሙሉ የፈረመበት፣ ብር ግን ያልተጻፈበት ማመልከቻ መጨረሻው የት እንደሆነ አውቃለሁ። ፋይል ውስጥ ይገባል፣ በቃ። በጀት የሚያዘጋጀው ባለሙያ ቢያዝንላችሁም እንኳ ቁጥር ካልሰጣችሁት በሰንጠረዡ ላይ የሚሞላው ነገር የለውም።

እኛ ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ፒያሳ የሚመላለሰው አውቶቡስ ሊቀነስ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ለሰፈሬ ሰው የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ጠዳ ላላችሁም፣ ወለቃ ላላችሁም ያገለግላል።

መጀመሪያ «አያዋጣም» ያላችሁን ሰው የትኛው ጉዞ እንደማያዋጣ ጠይቁት። አንድ መስመር ከጠዋት እስከ ማታ እኩል አይከስርም። ይህን ለማወቅ ደግሞ መቁጠር ነው። ሰባቱንም ቀን፣ ቅዳሜን ጨምሮ፣ ፌርማታው ላይ ሰው ይቀመጥ። የቅዳሜ ገበያን ሰው ሳይጨምር የተቆጠረ ቁጥር የጎንደርን መስመር አያሳይም። የጥምቀት ሰሞን ግን አትቁጠሩ። ከተማው በእንግዳ ስለሚሞላ ማንም አያምናችሁም። ክረምትም አይሆንም፣ ተማሪ የለም።

የእኛ መቁጠሪያ አንድ የደብተር ገጽ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በማስመሪያ አሰመረችው። ሰዓት፣ ስንት ሰው ተሳፈረ፣ ስንት ሰው ቦታ አጥቶ ቀረ፣ ከተሳፈሩት ስንቱ ተማሪ፣ ስንቱ ታካሚ። «ቦታ አጥቶ ቀረ» የሚለውን ዓምድ እንዳትተዉት። ትኬት ቆራጩ የቆረጠውን እንጂ ያልተሳፈረውን ሰው አይመዘግብም፣ ስለዚህ ይህ ቁጥር ከእናንተ በቀር ማንም ዘንድ የለም። ፌርማታው አጠገብ ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ካለችም አማክሯት። እኛ ጋ ያለችው ገና ሳንቆጥር የትኛው ሰዓት እንደሚሞላና የትኛው ባዶውን እንደሚሄድ ነግራናለች። ቆጠራው ያረጋገጠው እሷ ያለችውን ነው።

ጠዋት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሰው ተጠቅጥቆ ይሄዳል፣ ሲመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ማታ ተገላቢጦሽ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ግን በመሄድም በመመለስም ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ኪሳራው ያለው እዚያ ነው።

የጠዋት 12 ሰዓቱ ጉዞ ደግሞ የታካሚ ነው። አንዲት ጎረቤቴ የስኳር ክትትል አላት። ደም የምትሰጠው በባዶ ሆዷ ነው፣ ሆስፒታል ደርሳም ወረፋ አለ። አውቶቡሱ ከቀረ ያላት አማራጭ ባጃጅ ኮንትራት መያዝ ነው። አዘዞ ከመሃል ከተማ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ያንን ሒሳብ በጡረታ ደመወዝ በየቀጠሮው መክፈል አይቻልም። ማመልከቻችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ይኑር፣ አንድ ብቻ። ሌላው ቁጥር ይሁን።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ይህን ክፍል አትፍሩት፣ ማባዛትና መቀነስ ብቻ ነው። ለምሳሌ 12 ኪሎ ሜትር የሆነ መስመር ላይ አንድ አውቶቡስ በቀን 10 ጊዜ ደርሶ መልስ ይሠራል እንበል። 240 ኪሎ ሜትር ነው። እየቆመ እየተነሣ የሚሄድ ትልቅ የከተማ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር ከ35 እስከ 40 ሊትር ናፍጣ ይበላል። ስለዚህ በቀን ከ84 እስከ 96 ሊትር ይሆናል። ያንን በማደያው የዕለቱ ዋጋ አባዙት። የሾፌርና የትኬት ቆራጭ ደመወዝ፣ ዘይት፣ ጎማና መለዋወጫ ጨምሩበት። ከዚያ የተሳፋሪውን ብዛት በታሪፉ አባዝታችሁ ቀንሱ። የሚቀረው ጉድለት ነው። የምትጠይቁትም እሱን ነው፣ ከዚያ በላይ አይደለም።

የመኻል ሰዓቶቹን ባዶ ጉዞዎች፣ ለምሳሌ ሦስቱን ደርሶ መልስ፣ ስታወጧቸው 72 ኪሎ ሜትር ይቀንሳል። ከ25 እስከ 29 ሊትር ናፍጣ በየቀኑ ተረፈ ማለት ነው። ጥያቄያችሁ ወዲያው ይረክሳል። «ሁሉም ይቀጥል» ከሚል ሰፈር ይልቅ «እነዚህ ይቅሩ፣ እነዚህ ግን የግድ ናቸው» የሚል ሰፈር ይሰማል። ይህን በብዙ የበጀት ስብሰባ አይቻለሁ።

የደመወዝና የጥገና ወጪውን አውቶቡሱን የሚያሠራው አካል ሊነግራችሁ ካልፈለገ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለዚህ ነው የወጣው። መልስ የመስጫ ጊዜው 30 ቀን ነው። አዋጁን በደብዳቤው ላይ በቁጥሩ ጥቀሱት።

ጉድለቱ ከየት እንደመጣም በሁለት መስመር አስረዱ። ታሪፍ የሚወስነው መንግሥት ነው፣ ናፍጣ ግን ታሪፉን አይጠብቅም። ሐምሌ 2014 ላይ አጠቃላዩ የነዳጅ ድጎማ መነሣት ጀመረ፣ የታለመ ድጎማ ለሕዝብ ትራንስፖርት ብቻ ቀረ፣ እሱም ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ሄደ። ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሬ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ጎማና መለዋወጫ ተሰቀለ። ይህ የሾፌሩም የተሳፋሪውም ጥፋት አይደለም። የከተማ አውቶቡስ በድጎማ መሄዱም አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ላይ አንበሳ አውቶቡስ ለዓመታት የሄደው ከተማው እየደጎመው ነው። «ድጎማ» ስትሉ አንገታችሁን አትድፉ።

ጊዜው ግን ከሁሉም ይበልጣል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ሰው አውቶቡሱ ሲቆም ሐምሌ ወይ ነሐሴ ላይ ይጮኻል። ያን ጊዜ ገንዘቡ ተደልድሎ አልቋል። መሥሪያ ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ፍላጎታቸውን የሚያዘጋጁት ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ጥያቄያችሁ መግባት ያለበት ያኔ ነው። ቆጠራውን ኅዳር ላይ ጨርሱት፣ ደብዳቤውን ጥር ላይ አስገቡ። ካመለጣችሁም የግማሽ ዓመቱ ግምገማ አለ። እዚያ ላይ ያልተሠራበት ገንዘብ ካለ የበጀት ዝውውር፣ ማለትም ገንዘቡ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው እንዲዛወር፣ ይጠየቃል። ጠባብ በር ነው፣ ግን በር ነው።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ቆጠራው አባሪ ይሁን። ዋናው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይሁን፦ «በአዘዞ ፒያሳ መስመር ጠዋት ከ12 እስከ 4 ሰዓት፣ እንዲሁም ከ7 ሰዓት በኋላ ያሉት ጉዞዎች እንዲቀጥሉ በወር ይህን ያህል ብር ድጎማ ከመደበኛ በጀት እንዲያዝልን፣ ክፍያውም በተፈጸመ ጉዞ ልክ እንዲሆን እንጠይቃለን።» መደበኛ በጀት የሚባለው ለየዕለቱ ሥራ ማስኬጃ የሚያዘው ነው። አዲስ አውቶቡስ ይገዛልን አትበሉ። እሱ ካፒታል በጀት ነው፣ ግዢ ነው፣ «እናያለን» ተብሎ ይታለፋል።

ደብዳቤውን ትራንስፖርትን ለሚመራው መምሪያ አድርጉት። ለገንዘብ መምሪያ፣ ለክፍለ ከተማችሁና ለከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ይሂድ። ለጸሐፊ ሰጥታችሁ አትምጡ። መዝገብ ቤት አስገቡት፣ የእናንተ ቅጂ ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር አስደርጉ። ቀጠሮ ስትጠይቁ የምትጠሩት ያንን ቁጥር ነው። አቤቱታ ማቅረብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተጻፈ መብት ነው፣ ስለዚህ እየተለማመጣችሁ አትቁሙ። በትሕትና፣ ግን ቀና ብላችሁ።

ከዚያ በፊት ግን የታክሲና የባጃጅ ልጆችን አነጋግሩ። የሰፈራችን ልጆች ናቸው፣ የሚኖሩትም በዚሁ መንገድ ነው። የመኻል ሰዓቱ ለእነሱ እንደሚቀር ካወቁ አይቃወሟችሁም። ሳትነግሯቸው ብትሄዱ ግን ስብሰባው ላይ የመጀመሪያውን እጅ የሚያወጡት እነሱ ናቸው፣ እውነትም አላቸው።

ዕድር ይክፈልልን የሚል ሐሳብም ይነሣል። እኔ አልስማማም። የዕድር ገንዘብ ለሐዘን ነው። ዕድሩ ግን ሰው ይሰበስባል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል፣ ተወካይ ይመርጣል። ሦስት ሰው ይበቃል፣ አንዱ የጠዋት ተሳፋሪ ይሁን። እነዚህ ሦስቱ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት የሰፈራችሁን የምክር ቤት አባል ቤቱ ድረስ ሄደው ያግኙ። አባሉ ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ሊያነበው የሚችል አንድ ቁጥር በእጁ ይስጡት።

እምቢ ከተባላችሁ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ይጻፍ። ከተፈቀደ ደግሞ ቆጣሪዎቻችሁን አትበትኑ። ያልተጓዘ ጉዞ እንዳይከፈልበት ማየት የእናንተ ድርሻ ነው። መስከረም ትምህርት ሲከፈት አንድ ሳምንት እንደገና ቁጠሩ፣ ውጤቱም ከግማሽ ዓመቱ ግምገማ በፊት የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ እጅ ይድረስ።