ዴልሂ–ቶኪዮ፦ የበረራው ርቀትና ሰዓት አልገጥም ሲል

ርቀቱ ከምንጭ ምንጭ ይለያያል፦ መጀመሪያ የትኛው የቶኪዮ አየር ማረፊያ እንደሆነ ይታይ። ከዴልሂው ኢንዲራ ጋንዲ አየር ማረፊያ እስከ ሃኔዳ በቀጥታ መስመር 5,860 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እስከ ናሪታ 5,910 ገደማ ነው። 770 ኪሎ ሜትር ከጎደለ የሃኔዳው 3,164 ኖቲካል ማይል (የባሕርና የአየር ጉዞ ማይል) እንደ ተራ ማይል በ1.609 ተባዝቷል ማለት ነው፤ የሚባዛው በ1.852 ነው።

ሄጃው 11 ሰዓት፣ መመለሻው 6 ሰዓት ይሆናል፦ የዚህን ያህል የሚደጋገም ስህተት የለም። ቲኬት ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ፣ መድረሻውም በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ህንድ ከግሪንዊች በ5:30፣ ጃፓን በ9:00 ይቀድማሉ፤ ልዩነቱ 3:30 ነው። ለምሳሌ ከዴልሂ 20:00 ተነስቶ በማግስቱ 07:00 ቶኪዮ ለሚገባ በረራ ከ11:00 ላይ 3:30 ቀንሱ፤ 7:30 ይቀራል። ከቶኪዮ 11:00 ተነስቶ ዴልሂ 17:00 ለሚገባው ደግሞ በ6:00 ላይ 3:30 ደምሩ፤ 9:30 ይሆናል። ግማሽ ሰዓቷን «ለማቅለል» ብሎ የሚጥል ሰው ስሌቱን ባይጀምረው ይሻለዋል። የበጋ ሰዓት ብላችሁም አንድ ሰዓት አትጨምሩ፤ ሁለቱም አገሮች ሰዓታቸውን አያዛውሩም።

የሐበሻ ሰዓትን መሃል ላይ አታስገቡ። ስሌቱን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጨርሱና በመጨረሻ 6 ቀንሱ፤ 07:00 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ በረራ ግን ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ቲኬቱ «15፣ 00:30» ካለ ለ15 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ነው፤ ሻንጣ ይዞ መውጣት በ14 ማታ። በ15 ማታ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም መመለሻው በ2 ሰዓት ይረዝማል፦ ትክክል ነው፣ አትንኩት። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ በብርዱ ወራት ጃፓን ላይ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በአማካይ 100 ብቻ ቢሆን እንኳ 900 የነበረው ፍጥነት ሲሄዱ 1,000፣ ሲመለሱ 800 ይሆናል። የአንዱን አቅጣጫ ሰዓት ለሌላው የሚገለብጡ የርቀት ማስያዎችን አትመኑ።

ርቀቱን ለ900 ስናካፍል 6:30 ብቻ ይወጣል፦ ቀጥታው መስመር ሂማሊያንና ቲቤትን ያቋርጣል። በካቢኑ ውስጥ የአየር ግፊት ቢጠፋ አውሮፕላኑ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ መውረድ አለበት፤ የቲቤት አምባ ራሱ በአማካይ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ የመንገደኛው ኦክስጅንም የደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ በደቡብ፣ በባንግላዲሽና በምያንማር አድርጎ ይዞራል። በኩንሚንግ በኩል ብትለኩት 6,280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። በዚህ ላይ መሬት ላይ ለሚሽከረከርበት፣ ለመውጫና ለመውረጃ 40 ደቂቃ ያህል ጨምሩ።

ዴልሂ ካርታው ላይ ሰሜን ዋልታ አካባቢ ከወጣች ኬክሮስና ኬንትሮስ ተቀያይረዋል (28.56 ሰሜን፣ 77.10 ምሥራቅ)።

ጉዞው 15 ሰዓት ካለ ትራንዚት አለበት፤ የጥበቃው ጊዜም አብሮ ተቆጥሯል።